ከቦቴው የሚተርፈው ውሃ

ትዕዛዙ መሪ ጨብጦ በቁሙ የሚያልም ሰው ነው። ከሸሕዲ ከተማ ውሃ በቦቴ እየጫነ ሰሊጥ አጫጆች ወዳሉበት በረሃ ይወስዳል። ከመንገድ ወጥቶ አለማወቁ የፈጣሪ ሥራ ነው።

ያን ሰሞን ሕልሙ ሁሉ ካሰች ነበረች። ከጎጃም ለአጨዳ የወረደች፣ ውሃ ከሁሉም በኋላ በሚደርስበት በእርሻው መጨረሻ ዳስ ያለች ልጅ ናት። ለእሑድ ቅዳሴ ጸጉሯን መታጠብ አማራት፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰሊጥ አቧራ ጠጥቷል። እሱም አፉን ሞልቶ ቅዳሜ አንድ ጀሪካን ሙሉ አተርፍልሻለሁ አላት።

ቃሉ የቆመው በሒሳብ ላይ ነበር። አሠሪው በቅርቡ የገዛው ቦቴ ሆዱ ላይ አምስት መቶ ጋሎን የሚል ተጽፎበታል። ትዕዛዙ ጋሎንን የሚያውቀው ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት ነጋዴዎች ነው፤ አራት ሊትር ተኩል። በስልኩ አባዛው፤ ከዚያ ላይ የአጫጆቹን መጠጥ ቀነሰ፤ እንኳን ለካሰች ለጓደኞቿም ይተርፋል። ምስኪን፣ ቦቴው አሜሪካ ሠራሽ መሆኑን ማን ይንገረው? የአሜሪካ ጋሎን አራት ሊትር እንኳ አይሞላም። ከየጋሎኑ የጎደለችው ጥቂት ውሃ ስትጠራቀም የካሰችን ጀሪካን ደጋግማ ትውጣለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ታስሮ በቆመው ሰሊጥ መሃል ነዳ። ሙቀቱ ከፊቱ ያለውን ሜዳ ውሃ አስመስሎታል። በዚያ ውሃ ውስጥ ካሰች ጎንበስ ብላ ትታየዋለች፤ እሱ ከላይ ያፈሳል፣ ውሃው አያልቅም። በየዳሱ ሲቆም እጁ ይቅዳ እንጂ ልቡ እዚያው ነበር።

መጨረሻው ዳስ ሲደርስ ቧንቧው ሳል ጀመረው። ሰዉ እንደምንም ጠጣ። ካሰች ሹሩባዋን ፈትታ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች። ትዕዛዙ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ውሃ ያመጣ ሰው መጨረሻ ይጠጣል፤ የበረሃው ደንብ ነው። ከቦቴው ተንጠፍጥፋ የወጣችው አንዲት ጣሳ የሱ ድርሻ ነበረች። ጉሮሮው ደርቋል።

«ግድ የለም፤ ሰው ጠጥቷል። አንተም ጠጣ እንጅ» አለችው ካሰች።

«ጎንበስ በይ» አላት።

ጎንበስ አለች። ጣሳዋን ቀስ እያለ አናቷ ላይ አፈሰሰ። አቧራውን እንኳ በወጉ አላጠበም፤ ጭቃ ሆኖ በአንገቷ ወረደ። ካሰች ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ቀና አላለችም።