የጊሽጣው ዘር

ሊባኖስ አገር፣ አንጠልያስ የሚባል ሰፈር፣ በቀን እየሄድኩ በማጸዳበት ቤት ጓሮ አንድ የጊሽጣ ዛፍ አለ። ሊባኖሶች አሽታ ይሉታል። ቁመቱ ከአንድ ፎቅ አይበልጥም፤ አበባው ሦስት ወፍራም ቅጠል ያለው፣ ወደ ታች የተደፋ ነው። መጀመሪያ ሴት ይሆንና በማግስቱ ወንድ ይሆናል፤ ይህን ያሳዩኝ የቤቱ አዛውንት ናቸው። እዚያ ብናኙን የሚያመላልስ ጥንዚዛ ስለሌለ ከወንዱ በብሩሽ አንስተው ሴቷ ላይ ይቀባሉ። እኔም ተለማምጄ አግዛቸው ነበር። አበባ ስድር ዋልኩ ብዬ ሳወራ የሰፈር ሴቶች ይስቁብኝ ነበር።

እኛ ከሚሴ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፤ ዛፉ ራሱ ያፈራል። ፍሬውን እንበላለን፣ ጥቁሩን ዘር እናቴ አድርቃ ታስቀምጣለች። ቅማል ሲይዘን ዘሩን ወቅጣ፣ በቅቤ ለውሳ ጸጉራችንን ትቀባና በሻሽ ታስረዋለች። ቅማሉ ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ አንጠልያስ የሚጣለውን ዘር እየለቀምኩ ደክዋኔ ወደምንከራየው ክፍል እወስድ ነበር። የሚጠቅም ነገር ሲጣል አልወድም።

ክፍሉን የምንጋራው ሁለት ነበርን። ሌላዋ የወረኢሉ ልጅ ናት፣ ከእኔ በስምንት ዓመት ታንሳለች፤ ከማዳሟ ቤት ጠፍታ ከወጣች ወር አልሞላትም ነበር። የመኖሪያ ወረቀት የላትም። እኔም የለኝም። በስንት ልመና የሕፃን ጥበቃ ሥራ አገኘሁላት። ሰኞ ልትጀምር፣ ቅዳሜ ጭንቅላቷን ስታክ አየኋት። ጸጉሯን ገለጥ ባደርገው ቅማል በቅማል ነው።

«በዚህ ራስ ልጃቸውን አቅፌ ካዩኝ ኸላስ፣ አለቀልኝ» ብላ አለቀሰች።

«ያላ፣ ተቀመጪ። እኔ እያለሁ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት።

እንዲህ ነኝ፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። ዘሩን በነጭ ሽንኩርት መውቀጫ አደቀቅኩት። ቅቤ አልነበረንም፣ በወይራ ዘይት ለወስኩት። ቅቤ ጸጉር ላይ ይረጋል፣ ዘይት ይፈሳል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር። እናቴ ደግሞ ከመቀባቷ በፊት ዓይናችንን በጨርቅ ትሸፍን ነበር። ቸኮልኩና ረሳሁት።

ክፍሉ ይሞቃል፣ አላባት። ዘይቱ ከግንባሯ ወርዶ ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጩኸቷን ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በእጄ አፈንኩት፤ እስከ ዛሬ ያን እጄን እጠላዋለሁ። በውኃ ደጋግሜ አጠብኳት። ዓይኗ ደም መሰለ፣ አብጦ ተከደነ። ሐኪም ቤት ወረቀት ይጠይቁናል ብለን ፈራን፤ እሑድን ጠበቅን፣ ሰኞንም። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማክሰኞ፣ ወረቀት የማይጠይቅ ሐኪም አለ ሲሉን ይዣት ሄድኩ።

ሐኪሙ ዓይኗ ውስጥ ምን እንደገባ ጠየቃት።

«ክሎር» አለች፣ በረኪና ማለቷ ነው። «ቤት ሳጸዳ፣ ያኒ፣ ተረጨብኝ።»

አጠገቧ ቆሜያለሁ። አረብኛ ከእሷ ይልቅ እኔ እችላለሁ። ለሐኪሙ ላሳየው ዘሩን በፌስታል ይዤ ነበር፤ አላወጣሁትም። እኔን ለማዳን የዋሸችልኝ መስሎኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እሱም ለክሎር የሚሆን ጠብታ ጽፎ ሸኘን።

በዓይኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ። በዚያ ዓይኗ አሁን ብርሃን እንጂ ሰው አታይም። እውነቱን ብናገር ይድን እንደሆነ ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ ይድን ነበር ቢሉኝስ?

በቀደም ግን ደፍሬ እሷን ጠየቅኳት።

«ለምን ክሎር አልሽው?»

«ቅማል ማለት አፍሬ ነዋ» አለችኝ። «አንቺ ትነግሪልኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»