እህቴን ያጎረስኳት ሥጋ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው ሞተ፣ ነፍሱን ይማረውና። ልጄ አታውቀውም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ግማሹን ብቻ ነው የሰጠኋቸው፤ ግማሽ ኑዛዜ ደግሞ ከለየለት ውሸት ይከፋል፣ እውነት ይመስላላ። እሳቸውም ለሰሙት ግማሽ የሚገባውን ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ያልነገርኳቸው ግማሽ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ቀረ። አሁን እናንተን በሳቸው ቦታ ላስቀምጣችሁ ነው። አውቄ ነው ያደረግሁት። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልበል፣ ኋላ ወሬዬን ሳሳምር እንዳትታለሉልኝ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ምግብ ቤት አለኝ። የጣርማ በርን ብርድ አልፎ ቁልቁል የወረደ የደሴ መንገደኛ እኛ ጋ ሲደርስ ካፖርቱን ያወልቃል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ከዚያ መብላት ያምረዋል። እኔ ደግሞ ማብላት እወዳለሁ። ሰው ጠግቤያለሁ ሲለኝ የሰደበኝ ይመስለኛል። ወፍራም ነኝ፣ ዱሮም ወፍራም ነበርኩ፤ በኛ ሙያ ይህ ነውር አይደለም፣ ቀጭን ባለ ምግብ ቤትን ማን ያምናል? ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ታናሽ እህቴ አበቡም እንደኔው ነበረች። ባጃጅ ከተማችን የገባ ሰሞን ሁለታችን አንድ ላይ ስንመጣ ሾፌሮቹ፣ «እትዬ፣ አንዳችሁ ከኋላ ባለው ኑ» ይሉን ነበር። እንስቃለን። ሰው ሲያየን ደግሞ ይብስብናል። ብቻዬን ብሆን ያ ቀልድ ያስለቅሰኝ ነበር፤ ሁለት ስለሆንን ግን ጌጣችን ነበር።

ከዚያ አበቡን ስኳር ያዛት። ጉልበቷም ከዳት፤ ከሱቋ እስከ ቤቷ ለመድረስ በየሰዉ ደጃፍ እያረፈች ነበር የምትሄደው። ባሏ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወንድሙ ውጭ አገር ይኖራል፤ እሱ ነው ህንድ አገር ወስዶ ያሳከማት። ጨጓራዋን ቆርጠው የሙዝ ያህል አድርገው ሰፉላት። ለከተማው የተነገረው ግን የሐሞት ጠጠር አስወጣች ተብሎ ነው። እዚህ ከተማ እውነቱን የምናውቀው ባሏና እኔ ብቻ ነበርን። ለምን ተደበቀ ትሉ ይሆናል። ሰባ ሰባትን ያየ አገር ነው እኮ! በረሃብ ልጁን የቀበረ ሽማግሌ፣ አንዲት ሴት እህል እንዳይገባላት ሆዷን አስቆረጠች ቢሉት ምን ይላል? ጥጋብ ነው ይላል። «እትዬ፣ አደራሽን፣ የሰው መሳቂያ እንዳታደርጊኝ» አለችኝ። ማልኩላት።

ስትመለስ ያስታመምኳት እኔው ነኝ። መጀመሪያ መረቅና ቀጭን አጥሚት፣ ኋላም የቆላችንን ጥራጥሬ ማሾ ቀቅዬ፣ ፈጭቼ በቡና ሲኒ እሰጣት ነበር። ሲኒዋን ሳትጨርስ፣ «በቃኝ እትዬ፣ እዚህ ደረሰብኝ» ብላ ደረቷን ትነካለች። ጣፋጭ ከቀመሰች ልቧ ይመታል፣ ያልባታል። ጠጉሯ እፍኝ እፍኙን በማበጠሪያ ይወጣል። በሮቢት ሙቀት እኛ በስስ ቀሚስ ስንቀልጥ እሷ ጋቢ ደርባ በረደኝ ትላለች። ደጅ ስትወጣ ደግሞ ሰው መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። በኛ አገር መክሳት ምስጋና የለውም። «ውይ፣ ምን ነካሽ እህቴ?» እያሉ ከንፈር ይመጡላታል፤ ከኋላዋ የክፉውን በሽታ ስም ያንሾካሹካሉ፣ ገሚሱም ባሏ አስርቧት ነው ይላል። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር። አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጣችና፣ «እትዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ! ሾፌሩ ምንም አላለኝም!» አለችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ያለው አፌ ነው። ልቤ፣ ትታኝ ሄደች አለ።

ችግሩ ግብዣ ላይ ነበር። እኛ ጋ ማዕድ ላይ የቀረበን ሰው ዝም ብሎ የሚያይ የለም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እጄን አትመልሺ» እያለ ያጎርሳል፤ የመጀመሪያው ሲዋጥለት ደግሞ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል። አበቡ አንዱንም አትችልም። እንቢ ካለች ደግሞ ለምን የሚል ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ እኔና እሷ ዘዴ ፈጠርን። አጠገቧ እቀመጥና ማንም ሳይቀድመኝ በሰፊው የምጠቀልል እመስላለሁ። ጭብጤ የሎሚ ያህል ይሆናል፤ ውስጡ ያለችው ግን በመረቅ የነካካኋት፣ የጣት ጫፍ የማታህል እንጀራ ናት። አበቡ አፏን በደንብ ትከፍታለች፣ ጉንጯን ነፍታ ታላምጣለች፣ ዓይኗ ይስቃል። ሰዉም፣ ታላቋ አጉርሳታለች፣ ይበቃታል ብሎ ይተዋታል። ከፊቷ የቀረውን ምግብ ደግሞ፣ እንዳያስነቅፋት፣ እኔ እበላላታለሁ።

እንዲህ ሆኖ እሷ ስትከሳ እኔ ወፈርኩ። አንድ ቀን ማኅበር ላይ አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ «ዘነቡ፣ እህትሽን በልተሽ ልትጨርሻት ነው እኮ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አበቡም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ቤቴ ገብቼ ግን ያቺን ሳቋን ብቻ ሳመነዥክ አመሸሁ። የማንን ድርሻ እየበላሁ ነው የሚሳቅብኝ? ለማን ብዬ ነው?

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ልጄን ዳርኩ። የሙሽራው ወገኖች ከማጀቴ ከተማ መጡ። አበቡ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧ ታውቆ፣ እንግዳ ታስቀምጣለች። እኔ ከንጋት ጀምሮ ድስት ላይ ስቆም ውዬ ቀሚሴ በላብ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። የሙሽራው አክስት እጄን ይዘው አበቡን እያዩ፣ «ይቺኛዋም ልጅዎ ናት እትዬ? እግዜር ሲያድልዎ!» አሉኝ። አበቡ አንገቴን አቅፋ፣ «አዎ፣ የበኩር ልጃቸው ነኝ!» ብላ ቀለደች። ዳሱ ሳቀ። ክፋት አልነበረባትም። ያን ጊዜም ክፋት እንደሌለባት አውቄያለሁ። ታዲያ ምን ነካኝ? ሴትየዋ እኮ የሙሽራ እናት ማክበራቸው ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው፤ እኔ አሮጊት፣ እኔ ጎተራ፣ እኔ ብቻዬን የቀረሁ።

ወዲያው ምሳ ሆነ። ትሪ ይዤ እየዞርኩ የሙሽራውን ወገኖች በእጄ አጎርስ ጀመር። አበቡ ጋ ደረስኩ። ትሪው ላይ ጥብስ አለ፣ ለስላሳውም ጅማታሙም። ሐኪሟ ሥጋ ገና እንዳልፈቀደላት አውቃለሁ። ምግብ ቤት ያለኝ ሴት ነኝና የትኛው ሥጋ ብዙ ጥርስ እንደሚፈልግም በጣቴ አውቃለሁ። ጅማታሙን መረጥኩ። እኔ መረጥኩ። እንጀራውን በሰፊው ቀደድኩ፣ ሥጋውን ደራረብኩ፣ ጠቀለልኩ፣ አጥብቄ ጨበጥኩት። ጭብጤ ከሌላው ቀን ጭብጤ አይለይም፤ ያን ቀን ግን ሙሉ ነበር። አበቡ እጄን አየች፣ እንደ ወትሮው በዓይኗ ሳቀችልኝ፣ አፏንም በደንብ ከፈተች። ዘዴያችን መስሏት ነው። አጎረስኳት። በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግሁት። «በሞቴ» አልኳት።

ሳቋ ከዓይኗ ሲጠፋ አየሁ። ልትተፋው አትችልም፤ የማጀቴ ሰዎች ግራና ቀኟ ተቀምጠው፣ በእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ፣ የታላቋን እጅ እንዴት ትመልስ? አላምጣ አላምጣ፣ እንባዋ እየመጣ ዋጠችው። አጠገቧ የነበሩት «ጎሽ!» አሉ። እኔ ትሪዬን ይዤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄድኩ። ሄድኩ እኮ! ዘወር ብዬ እንኳ አላየኋትም።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። ታስመልሳለች፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም፤ ደረቷን ይዛ ታቃስታለች። ሴቶቹ ከበዋት፣ «ዛሬ አምሮባት ነበር፣ ዓይን ነው!» ይላሉ፤ አንዷ ጠበል ትረጫታለች፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት ታሸታታለች። ባሏ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። እዚያ ቤት ውስጥ ጨጓራዋ የተቆረጠ መሆኑን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዷ ከሕመሟ የተነሳ መናገር አቅቷታል። ሌላዋ እኔ ነኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ከተናገርኩ፣ ታዲያ እያወቅሽ ለምን አጎረስሻት ይሉኛላ! «አዎ፣ ዓይን ነው» አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

ያዳነቻት ጎረቤቴ ዘሃራ ናት። ለእስላም እንግዶቻችን ለብቻ ታርዶ ከተሰናዳው ዳስ ነበረች፤ ወሬውን ሰምታ ገባች፣ የአበቡን እጅ ያዘች፣ በረዶ ሆነባት። «ያ ረቢ! የምን ዓይን ነው? ወላሂ ይቺ ልጅ እየሞተች ነው! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ መኪና አምጡ!» ብላ ጮኸች። በር ላይ የነበረው የሚዜዎቹ መኪና ነው። አበባና ሪቫኑ እንደተንጠለጠለ፣ አበቡን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ሙሽራ የያዝን መስሏቸው በየመንገዱ ሴቶች እልል ይሉልን ነበር። እህቴ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች፣ እኔ አበባውን አያለሁ። ለሐኪሙ የተናገርኩት ያኔ ነው፣ ለዚያውም ስለ ቀዶ ሕክምናዋ ብቻ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኳት፤ በማስመለሱ ብዛት የተሰፋው ተቀዷል ተብሎ ሆዷ እንደገና ተከፈተ።

ስትነቃ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ አለቅስ ነበር። ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አበቡዬ፣ እኔ ነኝ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። እጇን ራሴ ላይ አደረገች። «አውቃለሁ እትዬ» አለች፣ ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ። «ያን ቀን ስንቱን ስታጎርሺ ዋልሽ፣ እጅሽ ለምዶ ነው። ረስተሽ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ፣ በቃ አታልቅሺ።» ውሸቱን እኔ አልፈጠርኩትም፤ እሷ ከፍቅሯ የተነሳ ሠርታ ሰጠችኝ። እኔ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከሥጋው ይልቅ ያ መነቅነቄ የባሰ ይመስለኛል። ሥጋውን ያጎረስኩት ተናድጄ ነው፣ ራሴን የነቀነቅሁት ግን አስቤ ነው። ለነፍስ አባቴም በኋላ ይዤ የሄድኩት ይህንኑ እሷ የሰጠችኝን ቃል ነው፤ አባ፣ ረስቼ እህቴን ልገድላት ነበር አልኳቸው።

የሚያምር ምክንያት አለኝ፣ ልንገራችሁ። በሰባ ሰባት እናታችን ስትሞት አበቡ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። የማሽላ ቆሎ በጥርሴ አድቅቄ ከአፌ እያወጣሁ አበላት ነበር፤ የኔ ሆድ እየጮኸ እሷን አስተኛት ነበር። ያን ገላ በአጥንቷ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የማላውቀው ሐኪም ሲቆርጠው የኔን ልፋት ቆርጦ የጣለ መሰለኝ። ያምራል አይደል? ሰው ያስለቅሳል። ውሸትም አይደለም። ግን ያን ቀን ትሪ ይዤ ስቆም ሰባ ሰባት ትዝ አላለኝም። ትዝ ያሉኝ የማጀቴዋ ሴትዮ ናቸው። እህቴ ከኔ ስላማረች ነው ያደረግሁት። ምቀኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እንድትሞት አልፈለግሁም፤ በዚያ ቀሚሷ ላይ እንድታስመልስ፣ ሰው ፊት እንድታፍር፣ እንደገና እንደ እኔ መሳቂያ እንድትሆን ፈለግሁ። ይህ ጥፋቱን ያቀለዋል? እኔ አሥር ጊዜ መዝኜዋለሁ፣ አልቀለለኝም።

አበቡ ተረፈች። ግን የምግብ መውረጃዋ ጠቦ ቀረ፤ ዛሬም ከቀጭን ነገር አልፋ አታውቅም፣ ለመቆም አቅም ስላጣች ሱቋንም ዘጋች። ምስጢሯም ወጣ። ያቺ ሆዷን ያስቆረጠችው እየተባለች ስንት ጊዜ ተሳቀባት። ችላው ኖረች። የማትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰው እኔን ሲያማ። «እትዬ ሠርግ ላይ ተዋክባ ነው! ከሷ በላይ ማን አስታመመኝ?» ብላ ትቆጣለች።

ባለፈው ሰሞን አንድ ክርስትና ላይ አንዲት የማታውቃት ሴት ልታጎርሳት እጇን ዘረጋች። አበቡ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ከእትዬ እጅ በቀር ከማንም አልጎርስም። እሷ ታውቅልኛለች» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አፏን ከፈተች። ከምስር የማትበልጥ እንጀራ አጎረስኳት። «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።

እንግዲህ ሰማችሁ። እግዜር ይቅር ይበልሽ እንዳትሉኝ። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፣ የአበቡ ነው። አበቡም ይቅር ያለችው የረሳች እህቷን ነው። የረሳች እህት ደግሞ የላትም።