ጉንፋናሙ ድምፅ

ሸረፈዲን ግማሽ ዕድሜውን ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሯል። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀው ነበር። የዓይን ግፊት ብርሃኑን ቀስ በቀስ ሲወስድበት መሪውን ለሌላ አስረክቦ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቱ ተቀመጠ። ሰው ሲያዝንለት፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ማንንም ሳልገጭ ወርጃለሁ" ይል ነበር።

መኪናውን ማጣት ቻለው። ያልቻለው የመልእክቱን ነገር ነው። ልጁ ፋኢዛ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ከመደወል መጻፍ ይቀላታል። ሚስቱ ሰዒዳ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የሚያነብለት ስልክ ሻጩ ሙንዚር ነበር፤ ያውም ሱቁ ውስጥ፣ ጮክ ብሎ። ፋኢዛን ጥርሷን እንዳመማት ሰፈሩ ከአባቷ እኩል ሰማ። ይህን ስታውቅ "ደህና ነኝ" ብቻ ብላ መጻፍ ጀመረች።

አንድ ቀን ፋሲካ የምትባል ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ በሬዲዮ ስትናገር ሰማ። ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብላት ተች ስልክ መጽሐፍ ሳይቀር እንደምታነብ ስታወራ ብድግ አለና ሙንዚር ሱቅ ሄደ።

"ተች ስልክ ስጠኝ።"

ሱቁ በሳቅ ሞላ። በስልክ ጉዳይ አስተያየት የሌለው ሰው ደሴ ውስጥ የለም። አንዱ ስለ ካሜራው፣ አንዱ ስለ ባትሪው ይከራከር ጀመር።

"ወላሂ ጋሼ፣ መሸጥ ጠልቼ አይደለም" አለ ሙንዚር። "መስታወት እኮ ነው፤ ጣትዎ የሚይዘው የለም። ባለ ቁልፉን ይውሰዱ፣ ባትሪው ሳምንት ይቆይልዎታል።"

"ባትሪ ማን ጠየቀህ? ማንበብ ነው የፈለግሁት።"

ገዛው። ስልኩ ግን የሚያወራው በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። "ፈረንጅ ቤት አስገባህብን!" አለች ሰዒዳ። ሸረፈዲን ሬዲዮ ጣቢያው ደውሎ ፋሲካን አፈላለገ። የምትማረው እዚያው ደሴ ስለነበር አንድ ቅዳሜ በትሯን ይዛ መጣችለት።

"ጋሼ፣ ሁለት ዓይነት የአማርኛ ድምፅ አለ" አለችው። "አንዷ እንደ ዜና አንባቢ ናት፤ ግን ኢንተርኔት ትፈልጋለች። ሌላው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በነፃም ይገኛል፤ ድምፁ ግን ይህ ነው።"

አሰማችው። ጉንፋን የያዘው ሰው በአፍንጫው የሚያወራ ይመስላል። ሰዒዳ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት።

ሸረፈዲን አልሳቀም። "ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር አብራ የምትጠፋ ቆንጆ ምን ታደርግልኛለች? ጉንፋናሙን ጫኚልኝ።"

"እኔም የምጠቀመው እሱን ነው" አለች ፋሲካ፣ ደስ ብሏት።

መማሩ ቀላል አልነበረም። ጣቱን ወደ ቀኝ ሲገፋ አንድ ስም ይጠራለታል፤ ሁለቴ ሲነካው ይከፈታል። እየተሳሳተ ለመስጊዱ ኢማም ደወለ፤ የድሮ ረዳቱን ደግሞ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። ፊደሉን እስኪለምድ "ሰላም" ብሎ ለመጻፍ ሻይ ይቀዘቅዝበት ነበር። ቢሆንም አልተወውም። በመጨረሻ ለፋኢዛ "ከእንግዲህ የማነበው እኔው ነኝ" ብሎ ጻፈላት።

አንድ ቀን ከሰዓት ሙንዚር ሱቅ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ነዘረ።

"ያምጡት፣ ላንብብልዎት" አለ ሙንዚር እጁን ዘርግቶ።

"ተወው" አለ ሸረፈዲን። ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከተተ።

ጉንፋናሙ ድምፅ ማንበብ ጀመረ፦ "አባ፣ አብዱልባሲጥ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ሽማግሌ ልላክ ብሎኛል። እኔ ወድጄዋለሁ። ለእናቴም ገና አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ አንተ ስማ ብዬ ነው።"

ሸረፈዲን መልእክቱን ደግሞ አዳመጠው። ከዚያ ጣቱን መስታወቱ ላይ አስቀመጠ።

"ድምፅ ቀድተው ይላኩላት እንጂ፤ ምን አደከመዎት!" አለ ሙንዚር።

"ድምፅማ አንተም ትሰማዋለህ።"

ሱቁ ሁሉ እያየው ጻፈ፦ "ይላክ ልጄ። ቆሜ እቀበላቸዋለሁ።" ላከው። ወዲያው መልሱ መጣ፦ "አባ! አንድ ፊደል እንኳ አልገደፍክም!"

ሸረፈዲን በሳቅ ፈነዳ። "ምን አለች? ምን አለች?" ብለው ተንጫጩ። "የአባትና የልጅ ነው!" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። የዚያን ቀን ቤቱ የደረሰው እያንጎራጎረ ነው።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሰርጉም ተደገሰ። ዛሬ ሙንዚር ራሱ ማየት የተሳነው ደንበኛ ሲመጣ "ጋሽ ሸረፈዲን ሳያዩት እንዳይገዙ" እያለ ወደሱ ይልካል። ባለፈው ሐሙስ ከደሴ ዙሪያ ጀማሉዲን የሚባል ዓይነ ስውር ገበሬ ቤተሰቦቹ ይዘውለት መጡ። ሸረፈዲን ካሳየው በኋላ ገበሬው ወንድሙ ከሩቅ የጻፈለትን ሰላምታ በገዛ ጣቱ ከፍቶ ሰማ።

"ማንም ሳይነግረኝ!" ብሎ ጮኸ ጀማሉዲን። "ማንም ሳይነግረኝ ሰማሁት!"

ሸረፈዲን አጨበጨበ። "አሁን ደግሞ" አለው፣ "መልሱን እንጻፍ።"