ሽማግሌ ያልተላከበት ልብወለድ

ባሌ ካረፈ በኋላ በመጣው የበረዶ ወራት እኔና ልጄ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን መነጋገር አቁመን ነበር። አልተጣላንም። የሷን እንግሊዝኛ ለኔ፣ የኔን ቁጣ ለሷ እያለሰለሰ የሚያመላልሰው እሱ ስለነበር፣ ሲሄድ ሁለታችንም የምንለው ጠፋን። በኮቪድ ምክንያት ለቅሶ ደራሹም በስልክ ነበር፤ ቤቱን በወሬ የሚሞላ ሰው አልነበረም። ከመጋዘን ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ብሌንደን ታውንሺፕ ወዳለው አፓርትመንታችን ስመለስ እሷ ክፍሏን ዘግታ በላፕቶፕ ትማራለች። “በላሽ?” እላለሁ። “የስ” ትላለች። የቀኑ ጨዋታችን ይኸው ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን መጽሐፍ ይዛ ወጥታ፣ “ቲቸር ከቤተሰብ ሰው ጋር አንብቡ፣ ተወያዩበት ብላለች። ሌላ ሰው ስለሌለ…” ስትለኝ፣ የመጨረሻውን እንዳልሰማሁ ሆኜ ወንበር ሳብኩላት። አዲስ አበባ ሳለሁ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምር ነበር። ልብወለድ መተንተን እኔን ምን ያቅተኛል ብዬ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ።

መጽሐፉ እዚህ አገር ተማሪ ሁሉ የሚያነበው ዓይነት የቆየ ልብወለድ ነው። አንዲት ነጭ ልጅ በዚሁ አገር ደቡብ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ትልቅ ቤት ውስጥ ታድጋለች። የቤቱን ልብስ የምታጥበው ጥቁር ሴት አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ ከትልቁ ቤት ሰዓት ሰረቀ ተብሎ ይከሰሳል። እንዳልሰረቀ ልጅቷ ታውቃለች።

ልጄ ጮክ ብላ ታነባለች፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ልቤ የሄደው ወደ ነጯ ልጅ እናት፣ ወደ ቤቱ እመቤት ነበር። የጠረጴዛዋ አቀራረብ፣ የመጋረጃዋ ዓይነት፣ ድምፅዋን ከፍ አለማድረጓ። ባሌ ዌስተርቪል፣ ደህና ደህና ሰው የሚኖርበት ሰፈር፣ እንዲገዛልኝ ስጨቀጭቀው የኖርኩትን ቤት በዓይኔ አየሁት።

“ጨዋ ሴት ናት” አልኩ።

“ማሚ፣ አጣቢዋን እኮ በጓሮ በር ነው የምታስገባት።”

“ታዲያ ያን ሁሉ ልብስ ተሸክማ በሳሎን ትግባ?”

ልጄ መጽሐፉን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። “እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብንሆን እኛ ማንን የምንሆን ይመስልሻል?”

ጥያቄው ቀላል መሰለኝ። “እኛማ የደህና ሰው ልጆች ነን። የእመቤቷ ቤተሰብ ነዋ” አልኩ። ይህን ያልኩት ቢጫውን የመጋዘን ሰደርያ እንደለበስኩ ነው። ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት እንዳይገጨኝ ጀርባው ላይ የሚያንጸባርቅ መስመር አለው። ወደ ሥራ የምገባውም በጎን በር፣ ቦርሳዬ እየተፈተሸ ነው።

ልጄ ሰደርያውን አይታ ሳቀች። መሳቂያ መሆኔ ገብቶኛል። ነገር ግን ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ስለነበር በማግስቱም ለመሳሳት ተዘጋጅቼ ቀረብኩ። ብዙ መዘጋጀት አላስፈለገኝም።

ክሱ ፍርድ ቤት የደረሰበት ምዕራፍ ላይ አላስችል አለኝ። “የተከሰሰው ልጅ እናት ሽማግሌ መላክ ነበረባት” አልኩ። “ቄሱን፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ የተከበረ ነጋዴ። ማልደው ይሄዱና ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸምልን አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ። ማን ሽማግሌ አቁሞ ይጨክናል?”

“በየትኛው በር ነው የሚገቡት?” አለች ልጄ።

ሌላ ሽንኩርት አነሳሁ።

“ደግሞ የከተማው ሽማግሌዎች እዚያው ናቸው፣ ማሚ። ዳኛው፣ ፓስተሩ፣ ጁሪው። የሚፈርዱበት እነሱ ናቸው።”

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ አስተማሪ ግን አያቆምም። “አክብሮ የሚናገር ሰው ይሰማል። እኛ ከሰው ጋር አነጋገር እናውቃለን። እነሱ ግን…” አልኩ። እዚህ አገር የተወለዱትን ጥቁሮች ማለቴ ነበር። ልጄም እዚሁ የተወለደች መሆኗ ትዝ ያለኝ ፊቷን ሳይ ነው።

“ዳዲም አነጋገር ያውቅ ነበር” አለች።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። ኮቪድ ሳይመጣ፣ ከትምህርት ቤት ሲመልሳት ፖሊስ አስቁሟቸው ነበር። አልፈጠነም፣ መብራት አልጣሰም። መኪናው የማን እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁት። አስወርደውት እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ በረዶ ላይ ቆመ። ፖሊሱ ልጅ እግር ነው። ባሌ መስቀል እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ እያለ “ሰር” ይለው ነበር አለችኝ። እሷ ከመኪናው ውስጥ ታያለች።

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“ለእናትሽ አትንገሪያት አለኝ። ሦስት ሽማግሌ ይዛ ጣቢያ ትሄዳለች አለ።”

ባሌ ያውቀኛል። ይህን ስትነግረኝ እንኳ በልቤ ሰዎቹን እየመረጥኩ ነበር። አንደኛው የቤተክርስቲያናችን አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው መሀል ከተማ፣ ሾርት ኖርዝ፣ የሰው መኪና በማቆም የሚሠሩት ጋሼ ናቸው፣ ጥሩ ሱፍ ስላላቸው። ሦስተኛው፣ አስቸጋሪ ነገር በመጣ ቁጥር እንደማደርገው፣ ራሱ ባሌ ነበር።

ቢላውን አስቀመጥኩ። “ከዚያስ?” አልኳት።

“ለቀቁን። ሬዲዮ ከፈተ። አይስክሬም ትፈልጊያለሽ አለኝ፣ በዚያ ብርድ። መኪናው ውስጥ ሆነን በላን። ዓይኑን ሲጠርግ ሳየው፣ ሲቀዘቅዝ ጥርሴን አመመኝ አለኝ።”

“ጥርሱ ደህና ነበር” አልኩ።

“አውቃለሁ። የራሱን ጨርሶ የኔንም በላብኝ።”

ከዚያ በኋላ ሳልጠይቃት ብዙ ነገረችኝ። ሲሸሽጉኝ የኖሩት ይህን ብቻ አልነበረም። ሁለቱ እኔን እያሙ ስንት ጊዜ እንደሳቁም ሰማሁ። እስክትጨርስ አንድም ምክር ሳልሰጥ አዳመጥኳት፤ የሚያውቀኝ ሰው ይህ ምን ያህል እንዳስቸገረኝ ይረዳል።