ለቆጣሪ አንባቢዋ የተነጠፈ መንገድ

ስለ ደጅ ውበት የሚሰብኩን ሰዎች አንድ ነገር ደብቀውናል። ጎማ ቀቡ፣ ስባሪ ሴራሚክ ልቀሙ፣ ኪሳችሁን ሳትጎዱ ግቢያችሁን ገነት አድርጉ ይሉናል። እሺ፣ አደረግን። ገነቱ ውስጥ ማን እንደሚገባ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። የሰፈራችን አራሚ ታሪክ ለእነሱ መልስ ይሁን።

አራሚው ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማተሚያ ቤቱ አሰናበታቸው እንጂ እሳቸው ሥራውን አላሰናበቱትም። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ልጇን ስትድር የሰርግ ጥሪ ብትልክላቸው፣ ሦስት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱላት። ባለቤታቸው የሞቱ ዕለት እንኳ የሐዘኑን ማስታወቂያ ከግድግዳ ላይ ነቅለው፣ “ዕድሜዋ ተሳስቷል” ብለው እንደገና አጻፉት። ልጃቸው ከሩቅ አገር መልእክት ሲጽፍላቸው አርመው ይመልሱለታል፤ እሱም ብልህ ልጅ ነውና መጻፉን ተወ። እንከን የለሽ ቤት፣ እንከን የለሽ ዝምታ!

ስለዚህ በዚያ በር የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሷም በወር አንዴ፣ ያውም በደመወዝ የምትመጣ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢዋ ናት።

ቆጣሪው የተሰቀለው ከቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከውጭው በር ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን አራሚው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የጠሉትን ዕቃ ሁሉ ግቢው ውስጥ ሲወረውሩ ስለኖሩ፣ እሱ ጋ መድረስ ዘመቻ ነበር። የዛገ የአልጋ ብረት፣ የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ፣ አራት ጎማ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ያበደ ቁጥቋጦ። “ቆጣሪ!” ብላ ስትጮህ አራሚው አልጋውን ያነሳሉ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ትሾልካለች፤ እሳቸው ቅርንጫፉን ይይዛሉ፣ እሷ መስታወቱን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። በዚህ መሀል ጨዋታ ይመጣል፦ ስለ እግሯ ሕመም፣ ስለ አከራይዋ ክፋት፣ ስለ ሰፈሩ ውሾች። አሥር ደቂቃ ይሆናል። አሥር ደቂቃ ምን አላት? ለእናንተ ምንም። ለሰውየው ግን የወሩ ቀለብ ነበረች።

አንድ ወር ታዲያ የአልጋው ብረት ሱሪዋን ከጉልበቷ በታች ሸረከተው።

“ጋሼ፣ ይሄ ግቢ ነው ወይስ ወጥመድ?” አለች ቀዳዳውን ይዛ።

“ይቅርታ ልጄ።”

“ይቅርታ ሱሪ አይሰፋም። አደራዎን፣ በሚቀጥለው ወር ሳልሞት እንድገባ ያድርጉልኝ!”

ቀልዷን ነበር። አራሚው ግን ቀልድ በልክ መውሰድ ስለማያውቁበት በማግስቱ ሥራ ጀመሩ።

የአልጋውን ብረት ሐረግ እንዲወጣበት ከአጥሩ ጋር አቆሙት። ጎማዎቹን ኖራ ቀብተው አፈር ሞሉባቸው። ከሴራሚክ መሸጫው ጓሮ የተጣለውን ስባሪ በጆንያ ተሸክመው አመጡ፤ ባለሱቁ “ይውሰዱልን እንጂ፣ መጣያ አጥተንለት ነው” ብሎ መረቃቸው። ከበሩ እስከ ቆጣሪው ገመድ ወጥረው፣ አሸዋ ነስንሰው፣ በግንድ ቁራጭ ደልድለው፣ ስባሪውን እንደ ፊደል ደረደሩት፤ አንዱ ከመስመር ወጣ ካለ ነቅለው እንደገና። ከውጭው በር ላይ የበሰበሰውን ቆርቆሮ ገፈው ፍርግርጉን ቀቡት። ቁጥቋጦውን ከሥሩ ነቀሉት። የቆጣሪውን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት።

ልብስ ሰፊዋ ከአጥሯ በላይ ስታይ ቆይታ አላስቻላትም።

“ጋሼ፣ ሙሽራ ሊያስገቡ ነው እንዴ?”

“ቆጣሪ የምታነበው ልጅ እንዳትሰናከል ነው።”

“አሄሄ! እኔ በዚያ አልጋ ስጋጭ የት ነበሩ?” አለችና፣ እንዲያም ሆኖ አራት የጽጌረዳ ቁራጭ በአጥሩ ላይ አቀበለቻቸው። እሳቸውም አመስግነው ሲያበቁ አቆራረጧ ልክ አለመሆኑን ነገሯት። ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ቀኑ ደረሰ። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሁለት ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ሌላው ሰው የሹም ደጅ ይጠናል፤ አራሚው የገዛ ደጃቸውን ሲጠኑ አረፈዱ።

“ቆጣሪ!” አለችና በፍርግርጉ ስታይ አፏን ያዘች። “ጋሼ! ይሄማ ገነት ነው! ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ በሆነ!” ስልኳን በብረቱ መሀል አሾልካ ቆጣሪውን አቅርባ አነሳችውና ቁጥሩን መዘገበች። “ይባረኩ፤ ዛሬ አሥር ደቂቃ አተረፉልኝ።”

ሄደች። እጇ በሩን እንኳ አልነካም። ሰውየው ለእንግዳቸው መንገድ ሠርተው እንግዳዋን አስቀሩ፤ በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ገመዳቸው፣ ቀጥ ባለ መስመር። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አስገቡ።

ያን ወር በመንገዱ ላይ የተመላለሱት እሳቸውና የጎረቤት ድመት ናቸው። ድመቷም በመስመር አትሄድም። ጠዋት ጠዋት ይጠርጉታል፤ ማን ያቆሸሸውን እንደሆነ እንጃ።

ወሩ ሲያልቅ ረጅም ተክል የበቀለበትን ትልቅ የቀለም ባልዲ እየጎተቱ ወስደው ቆጣሪው ሥር አስጠጉት። ቅጠሉ ቁጥሩን ልክክ አድርጎ ሸፈነው።

“ቆጣሪ! ጋሼ፣ ተክሉ ጋረደብኝ።”

“ግቢና እዪው።”

“አርባ ቤት ይቀረኛል፤ እባክዎ እርስዎ ያንብቡልኝ። የእርስዎን ዓይን ካላመንኩ የማንን ላምን ነው?”

ይኸው የታማኝነት ዋጋ! አራሚው ቅጠሉን ገለጥ አደረጉ። አርባ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ይላል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አርባ ስምንት ሺህ… አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት።”

ሦስትና አንድን ቦታ ማቀያየር! ሠላሳ አንድ ዓመት በየገጹ ሲያድኑት የኖሩት ስህተት ከራሳቸው አፍ ወጣ። ጆሯቸው ጋለ።

“ጋሼ፣ ካለፈው ወር አነሰ እኮ! ያበሩትን መብራት መልሰው ከተቱት እንዴ?” ሳቀች። በሩ ሲጢጥ አለ። ገባች፤ በመንገዱ ግን አይደለም። በጎማዎቹ መሀል አቋርጣ፣ አንዷን የጽጌረዳ ችግኝ በጫማዋ ጨፍልቃ። አራሚው አፋቸውን ከፈቱ። “መንገዱ እኮ…” የሚለው ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዋጡት።

ቅጠሉን ገለጠች። ቁጥሩን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ ከባልዲው ሥር መሬቱ ላይ የተጎተተበትን ጭረት አየች፣ ከዚያ ሰውየውን አየች።

“ሥራዎ ምን ነበር ያሉኝ?”

“አራሚ።”

“አሃ።” ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። “እግሬን ትንሽ ላሳርፍ። ወንበር አለ?”

ሁለቱንም አወጡ። ስለ አከራይዋ ነገረቻቸው፤ ያለፈው ጊዜ የነገረቻቸውን ነው፣ ያውም አዛብታ። አንድ ቃል አላረሙም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተነሳች፣ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወጣች፣ “ቆጣሪ!” የሚለው ድምፅዋ ከልብስ ሰፊዋ ደጅ ተሰማ፣ ከዚያም ራቀ።

አራሚው ባልዲውን አንድ ጣት ያህል ወደ ቆጣሪው ገፋ አደረጉት። ሠላሳ ቀን ቀራቸው።