ከድር የተሸከመው ድንጋይ

ከድር ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራው ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአባ ዋቅቶላ ቤት በረንዳ ላይ ነው። አባ ዋቅቶላ የዚያው አገር ገበሬ ናቸው። ስለ በረንዳው ምንም አይጠይቁትም፤ እሱም የቤተሰቡን ልብስ በነጻ ይጠግንላቸዋል። ሲሠራ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ ሽማግሌው አንድ ቀን ይውጠዋል እያሉ ይሰጉለት ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከአገሩ ከቡታጅራ ወዲያ የመጡ ነጋዴዎች ክፉ ወሬ ነገሩት። ገበሬው ሁሉ በአንድ መንደር እንዲሰፍር፣ ቤቱንም በገዛ እጁ እንዲያፈርስ ታዟል። ታናሽ ወንድሙ መሐሙድ የአባታችንን ቤት አላፈርስም ብሎ መሐል ምሰሶውን አቅፎ ተቀመጠ። ታጣቂዎች እጁን ከምሰሶው አላቅቀው፣ አስረው ወሰዱት። የሌሎች ቤት ልጆችም አብረውት ሄደዋል። የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

እዚህ ከተማ ያሉ የአገሩ ልጆች በዕድራቸው ተሰበሰቡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። ብዙ ከተመከረ በኋላ ቀበሌውን እንለምን ተባለ። ቀበሌው ለበላዩ ለከፍተኛው ይንገር፣ ከፍተኛው ደግሞ ለአገራቸው አስተዳዳሪዎች። እዚህ ጥበቃ ሲወጡ፣ መንገድ ሲጠርጉ፣ ሰልፍ ሲጠሩ ሲገኙ ኖረዋል፤ አንድ ቃል ቢለምኑ አይነፈጉም ብለው አሰቡ። የሴቶቹ ተጠሪ ወይዘሮ አሰገደች ንጹሕ ለብሰን ሄደን ቀጥ ብለን እንናገር አለች። የእሷም ልጅ ከተወሰዱት አንዱ ነው።

ከድር ግን በዚህ አልተስማማም። በልጅነቱ አባቱ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው የሰው ደጅ ቆመው፣ ደም የተቃባ ቤተ ዘመድ ሲያስታርቁ አይቷል። ድንጋይ ተሸክሞ የቆመን ሰው ባዶውን የመለሰ አላየሁም አለ። አባ ዋቅቶላ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ዱላ መሬት ላይ አሳረፉ።

«ከድሬ፣ ድንጋይ የሚሸከም እኮ ያጠፋ ሰው ነው። ወንድምህ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም አባ። እንዲያዝኑልን ነው።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው ወደ ቤት ገቡ።

ከድር ከወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጠ። አንድ ጎኑ የድንጋይ ሽበት አብቅሎ ነበርና በሣር ፈትጎ አጠበው። ድንጋዩ እንዳይቆረቁረው ጫንቃው ላይ ቁራጭ ካኪ አጥፎ አደረገ፤ ካኪው የቀበሌው ሊቀ መንበር የጓድ ኢታና ሱሪ ትራፊ ነው። እንዲህ አጎንብሶ በቀበሌው በር ቆመ፤ የዕድሩ ሰዎችም ከኋላው ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ።

ጓድ ኢታና ሲመጣ ሁሉንም ሰማቸው፤ አላቋረጣቸውም። ከዚያ ድንጋዩን አየ።

«በእናንተ አገር ይሄን የሚሸከመው ማነው?»

«ምሕረት የሚለምን ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ምሕረት የሚለምን ጥፋቱን አምኗል።»

«መሐሙድ አላጠፋም። የአባቴን ቤት አላፈርስም ነው ያለው።»

«ታዲያ ድንጋዩ ምንድነው?»

ከድር ቀና ሊል ሞከረ፤ አንገቱ ስለ ጎበጠ የሚታየው የሰውየው ጫማ ብቻ ነበር። አሰገደች ጥፋትና ምሕረቱ ይቅርብን፣ የት እንዳሉ ብቻ ጠይቅልን ብላ ለመነችው። ኢታና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔም ልጆች አሉኝ አላት። የጨከነ አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ቀለል ያለው ይመስል ነበር፤ ራሱን ሳያስነካ ወደ በላይ የሚያስተላልፈው ነገር አግኝቷልና።

ክረምቱ አልቆ አደይ ሲፈነዳ መልሱ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነበበ። ቤተ ዘመዶቻቸው የመንደር ምሥረታውን ማደናቀፋቸውን አምነው ይቅርታ ስለ ጠየቁ፣ የታሳሪዎቹ ጉዳይ ውሳኔ አግኝቷል ይላል። ምን ውሳኔ እንደሆነ፣ የት እንዳሉ አይልም። አንዱ ሊጠይቅ ቢነሳ ጉዳዩ ተዘግቷል ተባለ።

በዕድሩ ከድርን የወቀሰ ሰው አልነበረም። የሚያሰፉትን ግን ለቡ ወዳለ ሌላ ሰፊ ይወስዱ ጀመር። አሰገደች ብቻ አንዳንድ ጊዜ ብቅ ትላለች፤ የልጇን የተቀደደ ሸሚዝ ሰጥታው፣ እስኪጠግን ድረስ በረንዳው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ከድር መርፌውን በከንፈሩ ቢይዝም አያወራም።

ከድር በር ላይ ትቶት የሄደውን ድንጋይ ያነሳ ስላልነበረ የቀበሌው ዘበኛ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው አስደገፈበት። በቀበሌው የሚታደል ስኳር በመጣ ቁጥር ከድር ተሰልፎ በዚያ በር ይገባል። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ ልውሰደው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ምን ያደርግልሃል? አሁንማ የቀበሌው ነው» አለው ዘበኛው እየሳቀ።

ከድር ስኳሩን ተቀበለ። ሲወጣ እግሩ እንዳይነካው ዞር ብሎ አለፈ።