የእትዬ በለጥሽ መኪና

አቢሶ መንዳት የተማረው ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ሆሳዕና አጠገብ ካለው መንደሩ ሲወጣ ጎረምሳ ነበር፤ እዚያ ሳለ መኪና ማለት ለእሱ ጭነት ላይ ተንጠላጥለው የሚሄዱበት ነገር ነበር፤ መሪ ነክቶ አያውቅም። ጆሃንስበርግ ገብቶ፣ ብርድ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ ከቤት ቤት በዱቤ ሲሸጥ ከርሞ፣ ወገቡ ቀና ሲል ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈተና ዕቃ ማመላለሻ ባኪ ገዛ። ባኪ የሚሏት ከኋላ ክፍት የሆነችውን ትንሽ የጭነት መኪና ነው። በእሷ መንዳት ለመደ፣ በእሷ መንጃ ፈቃድ አወጣ። በዚያ አገር መኪና የመንገዱን ግራ ይዞ ይሄዳል፣ ሹፌር በቀኝ ይቀመጣል። ለአቢሶ ይህ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያለ ነገር ነበር፤ ማን ቆም ብሎ ያስበዋል?

በለጥሽ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው የሞተችው በቃሬዛ ሆሳዕና ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በለጥሽ ራሷ ልጅ ሳለች አቢሶን አሳደገችው፤ ኩፍኝ ሲይዘው በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰችው እሷ ናት። ቃሬዛ ላይ ግን ሞቼ ካልሆነ አልወጣም ብላ ምላለች። ኮሮና የገባ ዓመት ስኳሯ ወደ እግሯ ወረደና የማይድን ቁስል አወጣ። ሐኪሙ በየሳምንቱ እየመጣች ቁስሉን እንድትታጠብ፣ ካልሆነ ግን እግሩ እንደሚቆረጥ ቁርጡን ነገራት። ከመንደሩ ሆሳዕና የሚያደርሰው ባጃጅ ነው፤ እሱም በር ድረስ አይገባም። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ብቻ ሆነ፤ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር እግሯን በእሳት የነኩት ያህል ትጮህ ነበር።

«ኮንትራት መኪና ያዝላት» አለችው ሚስቱ ዲቦራ። «በሳምንት አንድ ቀን የሚያመላልሳት ሹፌር ይጠፋል?»

«እህቴ በሰው መኪና?» አለ አቢሶ።

አቢሶ ከልቡ እህቱን ይወዳል፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ፍቅሩ ብቻውን አልነበረም። መንደሩ ውስጥ በጭቃ የሚገባ ትልቅ መኪና፣ ከውስጡ እየተደገፈች የምትወርድ በለጥሽ፣ በአጥሩ ጥግ ቆሞ «የማን ነው?» የሚል ሰው፤ ይህ ሁሉ በዓይኑ ይታየው ነበር።

የቸርቹ ወንድሞች መሰብሰብ ተከልክሎ በስልክ ነበር የሚገናኙት፤ ምክሩም በስልክ ዘነበ። አንዱ ቪኤይት ካልሆነ አትሞክረው አለ። ሌላው ቪኤይት ነዳጅ ይጠጣል አለ። በመጨረሻ ከሳንድተን ወዲያ የሚኖሩ፣ አገር ሊለቁ ዕቃቸውን የሚሸጡ ባልና ሚስት ዘንድ አንድ ብርማ ፕራዶ ተገኘ። አቢሶ እንደ ፈረስ መረመረው። ከሥሩ በጀርባው ተኝቶ ዝገት ፈለገ። ሞተሩን ሳይሞቅ አስነስቶ አዳመጠው። ከዚያ ዲቦራን መሪው ላይ አስቀመጠና እሱ ከኋላ ገብቶ፣ በለጥሽ እንደምትቀመጠው አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታው ላይ ደጋግማ እንድታሳልፈው አዘዛት።

«ተሰማህ?» ትለዋለች ዲቦራ ባለፈች ቁጥር።

«ምንም!» ይላል። «እንደ አልጋ ነው! አንዴ ድገሚው!»

ባለመኪናው ማስኩን ዝቅ አድርጎ ከት ብሎ ሳቀ። አቢሶ እህቱ የምትቀመጥበትን ቦታ እንዲህ አጥርቶ አየ፤ ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ግን አንዴም ልብ አላለውም።

መኪናውን ገዛው፤ ፎቶውም በዚያው ዕለት መንደር ደረሰ። ሲደውልላት በለጥሽ ስልኩን ያነሳችው እያለቀሰች ነበር። ከሳምንት በኋላ ልጇ ፅናት ሌላ ፎቶ መለሰችላቸው፤ አጥሩ ፈርሷል፣ ከአጥሩ እስከ ደጃፉ የነበረው የደረሰ እንሰት በሙሉ ተነቅሏል፣ መሬቱ ተደልድሏል። «እማዬ መኪናው በር ድረስ ይግባ አለች» የሚል ተጽፎበታል። የደረሰ እንሰት የስንት ዓመት ጉልበትና የክፉ ቀን ጎተራ መሆኑን የሚያውቅ፣ በለጥሽ ምን እንዳደረገች ያውቃል። አቢሶ ፎቶውን አይቶ ኩራት ተሰማው።

ነገሩ የተበላሸው አዲስ አበባ ያለው ትራንዚተር፣ ዓብዩ የሚባል ሰው፣ የጉምሩኩን ጉዳይ ሊጀምር ሲደውል ነው። አቢሶ ሱቁ ውስጥ በፍርግርጉ በኩል እየሸጠ ነበር።

«አቶ አቢሶ፣ መሪው በየት በኩል ነው?»

አቢሶ ሳቀ። «በሹፌሩ በኩል ነዋ! በየት ሊሆን ነው?»

ዓብዩ አልሳቀም። «ሹፌሩስ በየት በኩል ነው የሚቀመጠው?»

«በቀኝ።»

«ጌታዬ፣ ባለ ቀኝ መሪ እዚህ አይገባም። ጅቡቲ ላይ ቆሞ ይቀርብዎታል። ይህን እንዴት ሳይጠይቁ ገዙ?»

ከፍርግርጉ ውጭ የቆሙት አሮጊት «ማይ ፍሬንድ፣ ብሬድ!» ይላሉ። አቢሶ ዳቦ ለጠየቁት ሴትዮ ሻማ ሰጣቸው። ባለመኪናዎቹ አገር ለቀዋል። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እንሰቱ ተነቅሏል።

«ሽጠው» አለች ዲቦራ። «ዛሬውኑ ሽጠውና ኮንትራቱን ያዝላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እግሯ ይበልጣል።»

አቢሶ አልሰማትም። ጄፕስታውን ጋራዥ ያለው አየነው የሚባል ያዲሳባ ልጅ መሪ ያዞራል ሲሉት፣ መኪናውን ይዞ በረረ። አየነው አንደበቱ ቅቤ ነው። «ወንድሜ፣ መሪ ማዞር እኮ ኮት ገልብጦ እንደ ማሰፋት ነው። ስንቱ ተገልብጦ ይነዳ የለ!» አለው። አቢሶ መስማት የፈለገውን ሰማ። አየነውን እየነዘነዘ፣ ቶሎ ቶሎ እያለ፣ ቀኙን ወደ ግራ አስዞረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አባቶቻችን ለእሱ ያስቀመጡለት ይመስላል።

መኪናው አለቀ የተባለ ቀን አቢሶ ዲቦራን ይዞ ሊሞክረው ወጣ። የዚያ አገር ደረቅ የሐምሌ ብርድ ነው፤ በመንገዱ ዳር ያለው ሣር ነዶ ጠቁሯል፣ የድሮው የወርቅ ማዕድን አፈር ክምር ከሩቅ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አቢሶ በግራ ተቀምጦ ከእግረኛ መንገዱ ጋር ተጣብቋል። ዲቦራ በቀኝ፣ ሹፌር በሚቀመጥበት ቦታ ባዶ እጇን ተቀምጣለች፤ የሚመጣው መኪና ሁሉ በእሷ አጠገብ ነው የሚያልፈው።

«ደህና ነው» አለ አቢሶ። «አየሽ? ደህና ነው።»

«ቀስ በል።»

ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አቢሶ መሪውን አዞረ፤ መኪናው እሺ አለ። መታጠፊያው አልቆ መሪውን ሊመልስ ሲል ግን አልመለስ አለው። ጎተተው። ያዘ። በሁለት እጁ ጎተተው። ውስጥ ብረት ብረትን ነክሶ ይዟል። መኪናው መታጠፉን ቀጠለና መሐል መስመሩን አልፎ ወደ ማዶው ገባ። ከታች ሰው የጫነ ሚኒባስ ታክሲ ሽቅብ እየመጣ ነው፤ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋው። የሚመጣው በዲቦራ በር ላይ ነው። «ኢየሱስ!» ብላ ጮኸች። አቢሶ ፍሬኑ ላይ ቆመ። ጎማው አለቀሰ፤ ታክሲው ከዲቦራ መስኮት በክንድ ርቀት አለፈ፤ ሹፌሩ እጁን አውጥቶ በዙሉ የወረደ ስድብ ጥሎላቸው ሄደ።

አቢሶ ሞተሩን አጠፋ። ይታየው የነበረው ታክሲው አልነበረም። ወደ ሆሳዕና የሚወርደው ቁልቁለት፣ ገደሉ፣ ከኋላ ወንበር እግሯን ዘርግታ የተቀመጠች በለጥሽ ነበር።

አየነው መጥቶ ጎትቶ ወደ ጋራዡ መለሳቸው። «ግሪስ ነው» አለ። «አዲስ ነገር መጀመሪያ ይጠጥራል። በነገው ቀን…»

«አየነው፣ አንተ እናትህን ከኋላ አስቀምጠህ ቁልቁለት ትወርድበታለህ?»

አየነው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጠርጎ ጨረሰና ደግሞ ጠረገ። መልሱ ይኸው ነበር።

ዲቦራ የባሏን ስልክ ከኪሱ አውጥታ ዘረጋችለት። «ደውልና ንገራት። አሁን። ነገ ካልክ ነገም ሌላ ነገ ታመጣለህ።»

ስልኩን ያነሳችው ፅናት ናት። አቢሶ እናትሽን አቅርቢልኝ ሲላት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ መኪናው መቼ ነው የሚጫነው? እውነቱን ንገረኝ።»

«ለምን?»

«እማዬ ፎቶው ከመጣ ወዲህ ሆስፒታል ሄዳ አታውቅም። የወንድሜ መኪና እየመጣ በባጃጅ አልንገላታም ትላለች። ለአንተ ሄድኩ የምትለው ውሸቷን ነው። ቁስሉ ሸቷል አጎቴ። ከትናንት ወዲያ ጣቶቿ ጠቁረዋል። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው።»

እግሯን ለማዳን የገዛው መኪና ነው እግሯን ሲበላ የከረመው። ማንንም የሚወቅስበት መንገድ የለም፤ ዓብዩንም፣ አየነውንም፣ ኮሮናንም። አቢሶ እዚያው የቆመው ፕራዶ ውስጥ ገባ፣ በሩን ዘጋ፤ የጋራዡ መዶሻ ድምፅ ራቀለት።

«ስልኩን ስጫት» አለ።

«አቢሶ!» አለች በለጥሽ፤ ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ደስተኛ ነው። «ተጫነ?»

«እትዬ፣ መኪናው አይመጣም።»

«መርከቡ ዘገየ?»

«የማይሆን መኪና ነው የገዛሁት። አስጠግነዋለሁ ብዬ አባስኩት። ዛሬ ስሞክረው እኔንም ዲቦራንም ሊጨርሰን ነበር።»

«ዲቦራ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንሰቱን ነቅለነዋል እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። እትዬ፣ አሁን ፅናት ባጃጅ ትጥራ። አሁኑኑ።»

«ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። በባጃጅ ስወጣ ምን ይሉኛል?»

አቢሶ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ሁለቱም ከአንድ ማሕፀን ወጥተዋል፤ ኩራቱንም አብረው ነው የወረሱት። «እኔን ይበሉኝ» አለ፤ ማልቀሱን አልደበቀም። «ዋሸ ይበሉኝ፣ ጉረኛ ይበሉኝ። ኩፍኝ ይዞኝ አዝለሽ ስታወጪኝ ሰው ምን ይላል ብለሻል?»

«ያን ጊዜ ቀላል ነበርክ» አለች በለጥሽ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች። «ስልኩን እንዳትዘጋው።»

አልዘጋውም። ዲቦራ ከውጭ ቆማ በራሷ ስልክ ካርድ እየገዛች ትሞላለታለች። ባጃጁ ሲመጣ ተሰማው። ድሮ ከአጥሩ ማዶ የሚቆመው ባጃጅ በተነቀለው እንሰት ቦታ ገብቶ ከደጃፉ ተጠጋ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ሲያወሩ ሰማ፤ አንዷ «መኪናውስ?» ስትል፣ በለጥሽ «ቀረ» ስትል ሰማ። ደግፈው ሲያስገቧት ያሰማችው ድምፅ ከሰው የሚወጣ አይመስልም ነበር።

መንገዱ ጀመረ። አቢሶ ስልኩን ከፊቱ አስደግፎ፣ መሪው በተዞረበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳያውቀው ሁለት እጁን መሪው ላይ አኖረ። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር በለጥሽ ታቃስታለች፤ እሱ መሪውን ይጨብጣል። አንድ ጉድጓድ ላይ «ኧረ ቀስ! ቀስ በል ልጄ!» ብላ በባጃጁ ሹፌር ላይ ጮኸች፤ በጄፕስታውን ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተሩ በጠፋ መኪና ላይ፣ የአቢሶ እግር ፍሬኑን ረገጠ። ዲቦራ በመስታወቱ በኩል አየችውና ፊቷን አዞረች። ቁልቁለቱን አብሯት ወረደ፣ ጭቃውን አብሯት ተሻገረ። እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ ነድቶ አያውቅም።

በመጨረሻ የባጃጁ ሞተር ጠፋ። የተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ድምፅ፣ «ማስክ አድርጊ እናቴ» የምትል ነርስ። የሚቆረጡት ሁለት ጣቶች ብቻ እንደሚሆኑና እግሩ እንደሚተርፍ ሐኪሙ የተናገረው ኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ይህን የሚያውቅ አልነበረም። በለጥሽ ስልኩን ከልጇ ተቀበለች።

«አቢሶ።»

«አለሁ እትዬ።»

«መኪናህ ደርሷል» አለችው፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ትንሽ ያንገጫግጫል እንጂ ደህና ነው።»